ለመምህር ገመቹ በነጻ የሰጠኋቸው ወረቀት

የመምህር ገመቹን መሞት የነገረኝ ከመቻራ ጫት ጭኖ የሚመጣ የአይሱዙ ሾፌር ነው። ጎማውን በእግሩ እየረገጠ፣ ስለ መንገዱ እያማረረ፣ በመሃል ላይ «ያ ዓይነ ስውሩ መምህር ወዳጅህ አልነበሩም እንዴ? ትናንት ተቀበሩ እኮ» አለኝና ወደ ጎማው ተመለሰ። ሕመማቸው ሳምንት እንኳ አልቆየም አሉ። «ኢና ሊላሂ» አልኩ።

በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ ለቅሶ ሄድኩ። ከቺሮ በበደሳ፣ በገለምሶ አድርጎ መቻራ እስኪደረስ ያለው መንገድ ሰው ኃጢአቱን የሚቆጥርበት መንገድ ነው፤ እኔም ቆጠርኩ። ቤታቸው የጭቃ ቤት ነው፤ ግድግዳው እንደ አገሩ ደንብ በወረቀት ተለብጧል። ሌላው ሰው ቤት ጋዜጣና ያለፈ ዓመት የቀን መቁጠሪያ ይለጠፋል። እሳቸው ቤት የተለጠፈው የካምፓስ ሃንዳውት ነበር። በየገጹ ላይ፣ ከጥግ እስከ ጥግ፣ በሰያፍ «ጀማል ኮፒ» ይላል።

ጀማል እኔ ነኝ።

ባለቤታቸው አዴ አስቴር እጄን ይዛ ከሽማግሌዎቹ ጎን አስቀመጠችኝ። «ጀማል ማለት ይሄ ነው» አለች ለለቀስተኛው። «ሦስት ክረምት ሙሉ ሳንቲም ሳይቀበል ወረቀት የሰጣቸው። ወረቀቱ በሸክም ነበር የሚመጣው።» የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ተነሥተው መረቁኝ። የእነሱ ምርቃት ረጅም ነው። ለማያይ ሰው ወረቀት በነጻ የሰጠሁት እኔ፣ በገዛ ስሜ ሥር ተቀምጬ አሜን አልኩ።

ኮፒ ቤት ከመክፈቴ በፊት ጫት ነጋዴ ነበርኩ። ጫት ችኩል ዕቃ ነው፤ ጧት ወርቅ የነበረው ማታ የፍየል ቀለብ ይሆናል። ቺሮ፣ የድሮ ሰው አሰበ ተፈሪ የሚላት፣ ካምፓስ ሲከፈትባት ግን አንድ ነገር አየሁ። ሃንዳውት አይጠወልግም። ዘንድሮ የሸጥከውን ከርሞ ትሸጠዋለህ፤ ሽፋኑ ላይ ዓመቱን መቀየር ብቻ ነው። ተማርኩ የሚለው ሁሉ ይህን አላየም፤ እኔ ከስድስተኛ ክፍል የወጣሁት አየሁት። ከካምፓሱ በር ፊት ለፊት አንዲት ቆርቆሮ ቤት ተከራየሁ።

የሥራው ደንብ እንዲህ ነው። አስተማሪው ሃንዳውቱን በፍላሽ አምጥቶ አንድ ኮፒ ቤት ያስቀምጣል። ለተማሪው «ጀማል ጋ ነው» ይላል፤ በቃ፣ የዚያ ትምህርት ገበያ የጀማል ሆነ ማለት ነው። በመጀመሪያው ዓመት የዋህ ነበርኩ። አንዱ ተማሪ ለመነኝና ፋይሉን በፍላሽ ሰጠሁት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ማዶ ያለው ኮፒ ቤት በእኔ ዋጋ ግማሽ እያተመ ሲሸጠው አየሁ። ከዚያ በኋላ ዘዴ ፈጠርኩ። ጽሑፉን አትማለሁ፣ ስሜን በሰያፍ እመታበታለሁ፣ መልሼ ስካን አደርገዋለሁ። ጽሑፉ ፎቶ ሆነ ማለት ነው። ዋናውን ፋይል በይለፍ ቃል እቆልፈዋለሁ። ይህን ዘዴዬን ስንት ሰው አደነቀልኝ!

መምህር ገመቹ የመጡት በዚህ ላይ ነው። ሐምሌ ነበር። በክረምት ካምፓሱ መደበኞቹን ተማሪዎች ይሸኝና ዲፕሎማ ያላቸውን አስተማሪዎች ለዲግሪ ይቀበላል። ጃንጥላቸው በነፋስ ተገልብጦ፣ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ሆኖ፣ በዱላቸው ደረጃዬን መታ መታ አደረጉና «የጀማል ቤት ይሄ ነው? የቀለም ሽታ አለ፤ አልተሳሳትኩም መሰለኝ» አሉ።

«አልተሳሳቱም መምህር፣ ይግቡ።»

«መምህር መሆኔን ማን ነገረህ?»

«በዚህ ዝናብ ከረባት የሚያስር አስተማሪ ብቻ ነው።»

ሳቁ። ሲስቁ ትከሻቸው ነበር ቀድሞ የሚስቀው። «ሶፍት ኮፒ ፈልጌ ነው» አሉ።

«እሱን እንኳ አንሰጥም። ግን ለእርስዎ ምን ገዶኝ! ወረቀቱን በነጻ አደርግልዎታለሁ።»

«ኦቦ ጀማል» አሉኝ ቀስ ብለው፣ ያላስተዋልኩ መስሏቸው፣ «አላይም እኮ።»

«አውቃለሁ መምህር! ለዚያ እኮ ነው በነጻ ያደረግኩት!»

ያን ቀን ወደ ቤቴ የሄድኩት ደረቴን ነፍቼ ነው። እኛ አገር ዓይነ ስውር ሲመጣ እጅ ወደ ኪስ ነው የሚሮጠው። ምን ፈልገህ ነው ብሎ መጠየቅ የሰደቃ ደንብ ውስጥ የለም።

በልጅነታቸው ኩፍኝ ነው ዓይናቸውን የወሰደው። በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ብሬል ተምረው፣ መቻራ ላይ ኅብረተሰብ ያስተምሩ ነበር። ካርታ እንዴት ያስተምራሉ ብዬ ብጠይቃቸው «እጅህን አምጣ» አሉኝ። መዳፌን ዘርግተው በጣታቸው ሐረርጌን ሳሉብኝ። «አውራ ጣትህ ጫፍ ላይ ሚኤሶ ነው፤ ቆላ ነው፣ ባቡሩ በዚህ ያልፋል። እዚህ ሥጋው ወፈር ሲል ቺሮ፣ ደጋው ጀመረ። ይቺ መስመር ወደ በደሳ ይዛህ ትወርዳለች። እዚህ አንጓህ ላይ እኔ ቤት ነህ።» የመቻራ ልጆች ፈተና ላይ እጃቸውን እያዩ ነው የሚመልሱት አሉኝ። ስንት ዓመት ጫት ያመላለስኩበትን አገር ያን ቀን ነው ያወቅኩት ብል ውሸት ይሆናል፤ ግን እስከ ዛሬ መዳፌን ሳይ መንገዱ ይታየኛል።

ዲግሪውን የፈለጉት ለክብር አልነበረም። የትምህርት ቤታቸው ዲሬክተር ቁርጡን ነግሯቸው ነበር፤ በሦስት ክረምት ዲግሪ ካልያዙ ክፍሉ ዲግሪ ላለው ሰው ይሰጣል፣ እሳቸው ደወል ይደውላሉ። ደወል የሚባለው ግራር ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው። «ቸርኬ ለመምታት ዓይንም ዲግሪም አያስፈልግም» ይሉ ነበር። «ለዚያ ነው ለእኔ ያሰበው። ደሞዜን አይነካም፤ ልጆቹን ነው የሚወስድብኝ።»

አንድ ቀን ላፕቶፓቸውን ይዘው መጡ። አብሯቸው የተማረ ወዳጃቸው የሰጣቸው ነው። ጽሑፍ ሲያገኝ ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም አለው። ባንኮኒዬ ላይ ከፍተው መጀመሪያ ለራሳቸው የጻፉትን የኦሮምኛ ትምህርት አስነበቡት። ፕሮግራሙ የሚያውቀው እንግሊዝኛ ብቻ ነው፤ ኦሮምኛው ደግሞ በላቲን ፊደል ነው የተጻፈው። ውስጡ ያለው ፈረንጅ በአፍንጫው ኦሮምኛ ማንበብ ጀመረ። ኮፒ ሊያስነሣ የቆመው ሁሉ፣ ውጭ ጫት የምትቸረችረዋ ፋጡማ ሳትቀር፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ያ ረቢ! ይሄ ፈረንጅ የማን ልጅ ነው?» አለች ፋጡማ።

«የእኔ ነው» አሉ መምህር። «ገና አፉን እየፈታ ነው፤ አትሳቂበት።»

ቀጥለው እኔ የሰጠኋቸውን ፍላሽ ሰኩ። በወረቀቱ ተጸጽቼ ሶፍት ኮፒውን ሰጥቻቸው ነበር፤ ማለት ፎቶ ያደረግኩትን። ማዶ ያለው ሰውዬ ፎቶ ቢያገኝ ስሜን ይዞ ነው የሚያትመው ብዬ። ፈረንጁ ዝም አለ። መምህር አንዱን ቁልፍ ደጋግመው ጫኑ። «ብላንክ» አለ።

«ምን አለ?»

«ባዶ ነው አለ።»

«እንዴት ባዶ ይሆናል? ይኸው ሞልቶ እያየሁት!»

ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ። «ይሄ ጽሑፍ ነው ፎቶ?»

«ፎቶ ነው። ያው አይደል?»

መምህር ጴንጤ ናቸው፤ ጫት አይቅሙም። ግን የአገራቸውን ሰው ያውቁታል። «ኦቦ ጀማል» አሉ፣ «የጫት ፎቶ ብሰጥህ ትመረቅናለህ?»

ሱቁ እንደገና በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያን ቀን በኋላ ግን አላወቅኩም ማለት አልችልም። ሳላውቅ ያደረግኩት የመጀመሪያው ክረምት ብቻ ነው።

በሁለተኛው ክረምት ዋናውን ፋይል ጠየቁኝ። «አስተማሪው አልፈቀደም» አልኳቸው። አስተማሪውን ጠየቁት፤ «ጀማል ጋ ነው» አላቸው። ጭቃውን ተሻግረው ወደ እኔ መጡ፤ «ፈርሞ ይላክልኝ» አልኩ። እንደገና ተሻገሩ፤ ስብሰባ ገብቷል ተባሉ። ውሸት አልነገርኳቸውም፤ አስተማሪውም አልዋሸም። አንዱ ወደ ሌላው እየላክን በዱላቸው ከበር ወደ በር አመላለስናቸው። እሳቸው ይህንን ነገር ያውቁት ነበር መሰለኝ፤ አንድም ቀን ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ማንም ጋ አይወጣም፤ በፈጣሪ እምልልሃለሁ» አሉኝ አንዴ። «መምህር፣ እርስዎን ሳይሆን ፍላሹን ነው የማላምነው» አልኳቸው። ነጋዴ መልስ አያጣም።

ሰው በራሱ ሲያፍር ለሌላው ደግ ይሆናል። ያን ሰሞን በጫት ተራ ዞሬ መዋጮ ሰበሰብኩላቸው። ጥሩ ቆዳ ጫማና የዝናብ ካፖርት ገዛን። ሱቄ ደጃፍ ላይ አሰባስቤ፣ ጭብጨባ አስጨብጭቤ ሰጠናቸው። አንዱ ፎቶ አነሣቸው። መምህር ጫማውን በእጃቸው ዳሰሱት፣ ስፌቱን ጎተት አድርገው አዩት።

«ገለቶማ፣ ወዳጆቼ» አሉ። «ደህና ጫማ ነው። ከኦቦ ጀማል ቤት እስከ አስተማሪው ቢሮ ከእንግዲህ እግሬ አይርስም።»

ሰዉ ምስጋና መስሎት አጨበጨበ። እኔ ብቻ ነኝ ያላጨበጨብኩት።

ያለ ፋይል እንዴት ይማሩ ነበር ቢባል፣ በሰው ዓይን ነው። ክፍል ውስጥ የሚባለውን በብሬል መውጊያቸው ይወጉታል፤ ድምፁ ይረብሻል ብሎ የሚያጉረመርምም ነበር። ሃንዳውቱን ደግሞ አብረዋቸው የሚማሩት ያነቡላቸዋል። ግን የክረምት ተማሪ የራሱ ኑሮ አለው፤ ሽማግሌ ነው፣ ደክሞታል፣ ልጆቹን ቤት ትቶ ነው የመጣው። ይህም ገበያ ነው፤ ፈተና ሲቀርብ የሰው ዓይን ይወደዳል። መጀመሪያ ሳምንት አምስት ሰው ያነብላቸው ከነበረ፣ መጨረሻ ሳምንት ሰላምታ የሚሰጣቸውም አይገኝም።

ለፈተና ካምፓሱ አንባቢ ይመድብላቸዋል። አንዴ የተመደበው ልጅ ጥያቄውን አንብቦ ምርጫዎቹ ላይ ሲደርስ «መምህር፣ ለእኔ ሁለተኛው ነው የሚመስለኝ፤ ሌሎቹን ልዝለላቸው?» አላቸው። እሳቸው የመለሱለትን እሱ ራሱ ነው ሱቄ መጥቶ ያወራው። «የኔ ልጅ፣ የተዋስኩህ ዓይንህን ነው። ጭንቅላት ከቤቴ ይዤ መጥቻለሁ።» ልጁ እየሳቀ ነው የነገረኝ። እኔ ግን ያ ልጅ ስንት ጥያቄ ዘለለባቸው ይሆን እያልኩ አሰብኩ። ያም ሆኖ ሁለቱን ክረምት አለፉ። በምን ጉልበት እንዳለፉ አላህ ነው የሚያውቀው።

ሦስተኛው ክረምት መጨረሻቸው ነበር። ሐምሌ መጀመሪያ ሲመጡ እኔ ወስኜ ጠበቅኳቸው። «መምህር፣ ዘንድሮ ፋይሉን በጽሑፍ እሰጥዎታለሁ» አልኩ። ፊታቸው በራ። እጄን ጨብጠው ቶሎ አለቀቁኝም። ፍላሻቸውን ተቀብዬ ጫንኩላቸው። በማግስቱ መጡ።

«ኦቦ ጀማል፣ ፈረንጁ ጥርት አድርጎ አነበበልኝ።»

«አልሐምዱሊላህ!»

«ግን ያነበበልኝ አምና የተፈተንኩትን ነው።»

ልክ ነበሩ። የጫንኩላቸው ክፍላቸው ገዝቶ የጨረሰውን ነው፤ ያምናውንና የካቻምናውን። የዘንድሮውን ከነካሁ ሽያጩ ይበላሻል ብዬ። ነጋዴ ሰደቃ ሲያወጣ ያደረውን ጫት ነው የሚያወጣው። «የዘንድሮውን ከፈተና በኋላ እሰጥዎታለሁ» አልኳቸው።

«ከፈተና በኋላ?» አሉ። ነጻውን ወረቀት ተሸክመው ሄዱ። አዴ አስቴር ግድግዳዋን የለጠፈችው በዚያ ነው።

ከዚያ ክረምት ትምህርቶች አንዱ፣ አካል ጉዳተኞችን ከሌላው ጋር አካቶ ስለ ማስተማር የሚያወራ ነው። ሽፋኑ ላይ ዱላ የያዘ ሰው ሥዕል አለ። እኔው ነኝ ያባዛሁት፣ እኔው ነኝ ያጠረዝኩት፤ ከሁሉ በላይ የተሸጠልኝም እሱ ነበር። መምህር ገመቹ የወደቁት በእሱ ነው። ግማሹን ያነበበላቸው ሰው ታመመ፤ ሁለተኛውን ግማሽ የሚያነብ አላገኙም።

ውጤት የሚለጠፈው መስታወት ላይ ነው፣ በመታወቂያ ቁጥር። የተለጠፈ ቀን ሱቄ መጡና «ና አንብብልኝ» አሉ። ሄድን። ሰው ተጋፍቶ ያያል፤ ያለፈው ይጮኻል። ቁጥራቸውን ፈልጌ አገኘሁና ያየሁትን ነገርኳቸው። «የሌሎቹንስ?» አሉ። አነበብኩላቸው። የእሳቸውን ክፍል ሰው በሙሉ አልፏል። ያቺን ግማሽ ሃንዳውት አንብቦላቸው የታመመው ሰውዬም አልፏል፤ እሱን ሳነብላቸው «እንኳን አለፈ» አሉ፣ ከልባቸው።

ከዚያ ወደ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። ካፖርቱን ለብሰዋል። ለሚመጣው ክረምት ሁሉንም ፋይል፣ አንድ ሳላስቀር፣ በጽሑፍ አዘጋጅቼ እንደምጠብቃቸው ማልኩ። በዚህኛው መሐላዬ አልዋሸሁም፤ አዘጋጅቼም ነበር፤ ያ ክረምት ሳይመጣ ሞቱ እንጂ። እሳቸው ግን በሌላ ሐሳብ ነበሩ።

«ስልክህን አውጣና ለዲሬክተሩ ደውልልኝ» አሉ። «የእኔ ባትሪ የለውም። አንተ ንገረው። ከእኔ አፍ ከሰማ ያዝንልኝና ዙሪያ ጥምጥም ያወራል። ላንተ ቁርጡን ነው የሚናገር። አንድ ክረምት ይጠብቀኝ እንደሆነ ጠይቀው።»

ደወልኩ። ዲሬክተሩ ሥራ ላይ ነበር፤ ረጅም ወሬ አልፈለገም። «አይ ወንድሜ፣ አልቋል» አለ። «ክፍሉን ለአዲሷ ልጅ ሰጥቻለሁ። እሳቸው ከመስከረም ጀምሮ ደወሉ ጋ ይቀመጡ። ደግሞ እረፍት ነው ለእሳቸው፤ ዓይነ ስውር ሰው ምን ያስለፋዋል በልልኝ።» ዘጋው።

«ምን አለ?» አሉ መምህር።

ቀና ብዬ አየኋቸው። አገጫቸውን ወደ ደረታቸው አስጠግተው፣ ጆሮአቸውን ወደ እኔ አዘንብለው ይጠብቃሉ። «መስከረም ሲመጣ እንነጋገራለን ነው የሚለው» አልኩ። «አይሰማም፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል። ግን ደህና ነው።»

ረዳቱ «ገለምሶ! መቻራ! ገለምሶ!» እያለ የአውቶቡሱን ጎን ይደበድባል። መምህር አልተንቀሳቀሱም።

«ስልክህ ድምፁ ትልቅ ነው ኦቦ ጀማል» አሉ። «ሰምቻለሁ።»

ስልኩን ኪሴ ከተትኩት።

«ዕድሜዬን በሙሉ ሰው ነው ያነበበልኝ» አሉ። «አንዱ ይዘልላል፣ አንዱ ያሳምራል፣ አንዱ ለእኔ ይጠቅማል ያለውን መርጦ ይሰጠኛል። ሁሉም ደግ ነው። ካነበብክልኝ እንዳለ አንብብልኝ።»

«ሰምተውታል እኮ መምህር።»

«ከአንተ ልስማው።»

ሰው እየተጋፋን፣ ረዳቱ እየጮኸ፣ ዲሬክተሩ ያለውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደገምኩላቸው። አዲሷን ልጅ፣ ደወሉን፣ «ዓይነ ስውር ሰው ምን ያስለፋዋል» ያለውንም ሳላስቀር። እሳቸው በየአረፍተ ነገሩ ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡ። ስጨርስ «አሁን ደረሰኝ» አሉ። ትከሻዬን ይዘው ደረጃውን ፈለጉና ወጡ።

በሦስት ክረምት ውስጥ ሳልቆርጥ ሳልቀጥል ያደረስኩላቸው ነገር ያ ብቻ ነው።